ሶሻል ወርክና ሕግ አንድ ላይ መማር፦ የምታውቁ ምከሩኝ

ሰላም_ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጽሑፌ ይረዝማል፤ በትዕግሥት አንብባችሁ የምታውቁትን አካፍሉኝ።

ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሶሻል ወርክ ቢኤ አለኝ። አሁን ሜሪላንድ ውስጥ ስደተኛ ቤተሰቦችን በሚረዳ አነስተኛ ድርጅት እሠራለሁ። ከሚመጡት ብዙዎቹ የኛው ሰዎች ናቸው። ልጁን በቀበቶ ገርፎ ትምህርት ቤቱ ለካውንቲው የደወለበት አባት አለ። ባሏ «ወረቀትሽን አስነጥቅሻለሁ» እያለ የሚያስፈራራት እናት አለች። ከአገር ያመጧቸው እናታቸው መርሳት ጀምረው፣ ባንኩም ሆስፒታሉም «ሕጋዊ ወረቀት አምጡ» ያላቸው ልጆች አሉ። ከሁሉም ጋር አንድ ቦታ ስደርስ «ይሄ የሕግ ጥያቄ ነው፣ ጠበቃ ያናግሩ» ብዬ እቆማለሁ። ጠበቃ ጋ ደርሰው ሲመለሱ ፎርሙ ተሞልቷል፤ ሰውየው ግን ምን እንደፈረመ አያውቅም፤ ማታ የት እንደሚያድር የጠየቀውም የለም።

ሁለቱን ሙያ አንድ ላይ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች እንዳሉ ሰማሁ። ለኔ የሚቀርበኝ ባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለየብቻ 5 ዓመት የሚፈጀው በ4 ዓመት ያልቃል ይላሉ። ትንሽ ልጅ አለችኝ፤ ባለቤቴ «ግቢ፣ እኔ አለሁ» ብሎኛል። አባቴ ግን «ጠበቃ ከሆንሽ ሌላው ዲግሪ ለምንሽ ነው?» ይላሉ። መልስ አጣሁላቸው። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ በእርግጥ ሁለቱም ያስፈልጋሉ?


ባልቲሞር_ነዋሪ፦

እህቴ ሰላም። እኔ ሁለቱንም ተምሬ ጨርሻለሁ፤ ዛሬ የምሠራው ፍርድ ቤት ቆሜ ልጆቻቸው የተወሰዱባቸውን ወላጆች በመወከል ነው። ስለ አካሄዱ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ፣ ማመልከቻው አንድ አይደለም። ለሕግ ትምህርት ቤቱ ለብቻ፣ ለሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቱ ለብቻ ታመለክቻለሽ፤ አንዱ ተቀብሎ ሌላው ሊመልስሽ ይችላል። ብዙ ቦታ አንዱን ጀምረሽ በመጀመሪያው ዓመት ለሁለተኛው ማመልከትም ይፈቀዳል። ከሜሪላንድ ውጭ ፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሚሺጋን፣ ሴንት ሉዊስ ያለው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም አላቸው።

ጄዲው (የሕግ ዲግሪው) ቢያንስ 83 ክሬዲት ይጠይቃል፤ የሶሻል ወርክ ማስተርሱ አብዛኛውን ጊዜ 60 ገደማ ነው። አንድ ዓመት የሚቀንሰው አንዳንዱ ክሬዲት ለሁለቱም ስለሚቆጠር ነው። የመጀመሪያው የሕግ ዓመት ግን አይቀላቀልም። ኮንትራት፣ ወንጀል፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት፣ ንብረት፤ ሌላ ነገር አታስቢም። ሌላውን ዓመት በሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ታሳልፊያለሽ፣ ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱ የሚደባለቁት።

የሚከብደው የክፍሉ ትምህርት ሳይሆን ፊልዱ ነው። እውቅና ያለው የማስተርስ ፕሮግራም ሁሉ ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ ያስደርጋል፤ ክፍያውም ብዙ ጊዜ የለም። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ማለት ነው። ከልጅሽ ትምህርት ቤትና ከባለቤትሽ የሥራ ሰዓት ጋር አሁኑኑ አስተያዪው። በሕጉ በኩል ደግሞ ክሊኒክ አለ፤ በአስተማሪ ጠበቃ እየታየሽ እውነተኛ ደንበኛ ይዘሽ ችሎት ትቆሚያለሽ። እኔ ከሁሉም በላይ የተማርኩት እዚያ ነው።


ሕግና_ሒሳብ፦

እኔ ጠበቃ ነኝ፤ ሶሻል ወርክ አልተማርኩም። እህታችንን ተስፋ ለማስቆረጥ ሳይሆን ገንዘቡን ቁጭ ብላ እንድታሰላ ስለምፈልግ ነው የምጽፈው።

የፌደራል ብድር ሕጉ ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ2025 በጸደቀው ሕግ መሠረት ግራድ ፕላስ የሚባለው፣ ወጪውን በሙሉ ይሸፍን የነበረው ብድር፣ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ቀርቷል። ሕግ የሚማር ሰው በዓመት እስከ 50,000 ዶላር፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር መበደር ይችላል። ለሌላው ድኅረ ምረቃ ጣሪያው በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100,000 ነው። ሶሻል ወርክ የተመደበው ከዚህ ከዝቅተኛው ጋር ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ የምትማር ሰው በየትኛው ዓመት በየትኛው ጣሪያ እንደምትታይ ከመመዝገቧ በፊት ከፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው በጽሑፍ መልስ ትያዝ። በቃል የተነገራትን አትመን።

ሌላው፣ የሥራ ማስታወቂያዎችን አንብቢ። «ሁለቱም ዲግሪ ያለው» የሚል በጣም ጥቂት ነው። የሚቀጥሩሽ ወይ ለጠበቃነት ወይ ለሶሻል ወርከርነት ነው፤ የሚከፍሉሽም ለዚያው ለአንዱ ነው። ሁለተኛው ዲግሪ ደመወዝ ላይ አይጨመርም። አባትሽ ያሉት በዚህ በኩል እውነት አለው።

ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት ከሠራሽ፣ 120 ወርኃዊ ክፍያ ከከፈልሽ በኋላ የቀረው የፌደራል ዕዳ የሚሰረዝበት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አለ። ያ ማለት ግን 10 ዓመት ሙሉ የሥራ ምርጫሽ በዕዳው ይወሰናል ማለት ነው።


ባልቲሞር_ነዋሪ፦

ወንድሜ ስለ ገንዘቡ ያልከውን እቀበላለሁ። «ደመወዝ ላይ አይጨመርም» የሚለውም ልክ ነው። ግን ጥያቄዋ «ያስፈልጋሉ ወይ?» ነው። እዚሁ ሜሪላንድ የሆነ ነገር ልንገራችሁ።

ኬቪን ዊጊንስ የሚባል ሰው በግድያ ጥፋተኛ ተብሎ ሞት ተፈረደበት። ልጅ እያለ እናቱ አስከፊ በደል ያደረሱበት፣ ከአንድ አሳዳጊ ቤት ወደ ሌላው ሲንከራተት የተደፈረ ሰው ነው። ጠበቆቹ ፋይሉ ውስጥ ፍንጩን አይተው ነበር። የሕይወት ታሪኩን የሚያጠና ሶሻል ወርከር ለመቅጠርም ገንዘብ ነበራቸው። አላስጠኑም። ቅጣቱን የወሰነው ጁሪ ስለ ልጅነቱ ምንም ሳይሰማ ፈረደ። ኋላ ላይ ሌሎች ጠበቆች ሶሻል ወርከር ቀጥረው ታሪኩን ሲያስጠኑት ያ ሁሉ ወጣ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2003፣ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ፣ ጠበቆቹ ግዴታቸውን አልተወጡም ብሎ የሞት ቅጣቱን ሻረ።

ይህን ፍርድ ያነበብኩት ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው። ጠበቆቹ ሰነፍ ሰዎች አልነበሩም፤ ሌላ መከራከሪያ መርጠው በዚያ ላይ አተኩረው ነበር። ያጡት የሰውን ሕይወት ከሥሩ የመጠየቅ ልምድ ነው። ሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ይህንን ነው፤ ማን አሳደገህ፣ ማን መታህ፣ ማን ደረሰልህ ብሎ መጠየቅን፣ የሚያመው ጥያቄ ላይ ሲደረስም ወንበሩን ሳይለቁ መቀመጥን። ሕግ ትምህርት ቤት ይህን አያስተምርም። እኔ ዛሬ ችሎት ስቆም የምጠቀምበት የሁለቱንም ነው፣ ደመወዜ ግን የጠበቃ ብቻ ነው።


የዳላሷ፦

ሶሻል ወርከር ነኝ፤ ላይሰንስ አለኝ። ሁለታችሁም ያላነሳችሁት አንድ ከባድ ነገር አለ፤ የማሳወቅ ግዴታ።

ሰላም፣ ልጁን በቀበቶ መታ ያልሽውን ያንን አባት ውሰጂ። ያ ሰው ቢሮሽ መጥቶ በሩን ዘግቶ «ከዚህ በፊትም መትቼዋለሁ፣ ምልክቱ ጀርባው ላይ አለ» ቢልሽ፣ ሶሻል ወርከር ከሆንሽ ማሳወቅ አለብሽ። ሜሪላንድ ውስጥ ወዲያው በቃል፣ ከዚያ በ48 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ። ያው ሰው ያንኑ ቃል ለጠበቃው ቢነግረው፣ በጠበቃና በደንበኛ ምስጢር የተጠበቀ ስለሆነ ጠበቃው ምስጢሩን ይጠብቃል። አንቺ ሁለቱንም ከሆንሽ ሰውየው ያወራው ከማን ጋር ነው? አፉን ከመክፈቱ በፊት ማወቅ አለበት። በኛ ሰው ዘንድ ይህ እጥፍ ይከብዳል። «የአገሬ ልጅ ናት» ብሎ ነው የሚመጣው፤ አምኖሽ ነው የሚነግርሽ።

ከክልል ክልል ደግሞ ይለያያል። እኔ ባለሁበት ቴክሳስ ሕጉ ማንንም አይምርም፤ ጠበቃም፣ ቄስም፣ ሐኪምም በልጅ ላይ የሚደርስ በደል ከጠረጠሩ ማሳወቅ አለባቸው። ስለዚህ ሜሪላንድ ተምረሽ ሌላ ቦታ ብትሄጂ ይህን እንደ አዲስ ትማሪያለሽ።


ሰላም_ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ይሄ አስደነገጠኝ። በየቀኑ የምሠራው ነገር ሆኖ እንደዚህ አስቤው አላውቅም። ታዲያ ባልቲሞር_ነዋሪ፣ አንተ እንዴት ነው የምታደርገው?


ባልቲሞር_ነዋሪ፦

የዳላሷ እህታችን ያለችው ከሁሉም ዋናው ነው፤ እኔም ማስቀደም ነበረብኝ።

መልሱ፣ በአንድ ደንበኛ ላይ አንድ ሙያ ብቻ ነው። እኔ የተቀጠርኩት በጠበቃነት ነው፤ የመጀመሪያው ንግግሬም «እኔ ጠበቃህ ነኝ፤ የምትነግረኝ ምስጢር ነው፤ ምስጢር የማይሆነው ይህና ይህ ነው» የሚል ነው። የሶሻል ወርክ ዲግሪዬ አጠያየቄ ላይ አለ፣ በሩ ላይ አልለጠፍኩትም። የሶሻል ወርክ ላይሰንስ ይዘው በጠበቃነት የሚሠሩ ጓደኞች አሉኝ፤ እነሱ ይህን ጥያቄ ከክልላቸው የጠበቆች ሥነ ምግባር አካል ጋር ቀድመው ተነጋግረው ነው የሚሠሩት። በተከላካይ ጠበቃ ቢሮ ሶሻል ወርከር ሆነሽ ብትቀጠሪም ቢሮው ይህን እንዴት እንደያዘው መጀመሪያ ቀን ጠይቂ፤ ጽሑፍ ከሌላቸው ተጠንቀቂ።

ሌላም ልዩነት አለ። ሶሻል ወርከር ለልጁ የሚበጀውን ይላል። ጠበቃ ደንበኛው የሚፈልገውን ይከራከራል። የ14 ዓመት ልጅ «ወደ እናቴ መልሱኝ» ቢልሽና ቤቱ አደገኛ ነው ብለሽ ብታምኚስ? ልጆች በወጣት ጥፋተኞች ችሎት ጠበቃ የማግኘት መብት አላቸው የተባለው እ.ኤ.አ. በ1967፣ የ15 ዓመቱ ጄራልድ ጎልት ጉዳይ ላይ ነው። ያ ፍርድ የመጣው «ለልጁ የሚበጀውን እናውቃለን» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ልጁን ያለ ጠበቃ ለዓመታት እንዲታሰር ስለወሰኑበት ነው። እኔ ከዚህ ተነሥቼ፣ ጠበቃ ሆኜ ስቆም የልጁን ድምፅ ነው የምይዘው እላለሁ። ብዙ ጥሩ ሰዎች በዚህ አይስማሙም።


የዳላሷ፦

እኔ ከማይስማሙት ነኝ፤ ትንሽ ልጅ የሚለው ሁሉ የራሱ ቃል አይደለም፣ የተነገረውን የሚደግም አለ። ግን በአንድ ደንበኛ ላይ አንድ ሙያ የሚለውን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ።


አሌክሳንድሪያ22፦

ሰላም፣ እኔ ፓራሊጋል (የጠበቃ ረዳት) ነኝ፤ የአሳይለም (የጥገኝነት) ኬዝ ነው የምንሠራው። ሁለቱም ያለው ሰው ቢኖረን ብዬ ሁልጊዜ እመኛለሁ። ለአንድ ደንበኛ የሥነ ልቦና ምዘና ከውጭ ባለሙያ ማሠራት ውድ ነው። ሰላም ሁለቱን ከያዘች ማመልከቻውንም ምዘናውንም ራሷ ትጽፍላቸው ነበር፤ ስንት ሰው ትረዳለች!


ሕግና_ሒሳብ፦

አሌክሳንድሪያ፣ ሐሳብሽ የቀና ነው፣ ግን አይሆንም። ጠበቃ በያዘው ጉዳይ ላይ በአከራካሪ ነጥብ ምስክር መሆን አይችልም። ምዘናውን የጻፈው ሰው ደግሞ ምስክር ነው፤ የመንግሥት ጠበቃ ይጠይቀዋል፣ ዳኛውም ገለልተኛነቱን ይመዝናል። ጠበቃዋ ራሷ የጻፈችው ምዘና ለደንበኛው ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በዚያ ላይ ያንን ምዘና ለመጻፍ ማስተርሱ ብቻ ብዙም አይረዳም፤ ክሊኒካል ላይሰንሱ ነው ክብደት ያለው። ሜሪላንድ ለዚያ ከምረቃ በኋላ በተቆጣጣሪ ሥር 3,000 ሰዓት፣ ቢያንስ 2 ዓመት ትጠይቃለች። የሕግ ትምህርቱና የባር ፈተናው ላይ ይህ ሲጨመር አስቡት።

ሁለቱን የተማረ ሰው የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው። የደረሰባትን በደል ቀጥ አድርጋ መናገር ያልቻለችን ሴት ታሪክ ሳያቆስል ማውጣት ይችላል። አሳይለም ለመጠየቅ 1 ዓመት ብቻ ነው ያላት፤ ዝም ብላ ዓመቱ ቢያልፍባት፣ ዝምታዋ ከጉዳቷ የመጣ መሆኑን ማየትና በሕግ ቋንቋ ማስረዳት ይችላል። እዚህ ላይ ባልቲሞርን እደግፋለሁ።


ስድስት_ኪሎ፦

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። እኛ ጋ ሁለቱን የሚያጣምር ፕሮግራም አላየሁም፤ ግን ጥያቄው እኛም ጋ አለ። ታሪኩን ለማታውቁ፣ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቱ እዚህ እ.ኤ.አ. በ1959 ተከፍቶ በደርግ ጊዜ ተዘጋ። ማስተርሱ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በመካከል አንድ ትውልድ ሙሉ ያለ ሙያው አለፈ። የሕግ ፋኩልቲው እ.ኤ.አ. በ1963 ተከፍቶ ዛሬም አለ፤ ስለዚህ የቤተሰብ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ «ለልጆቹ የሚበጀውን» ሲል የሚበጀውን የሚያጠና ባለሙያ ከሕግ አዋቂው በጣም ያንሳል። ልደታ ባለው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የተጎዱ ሕፃናት ዳኛ ፊት ሳይቀርቡ በሌላ ክፍል ሆነው፣ በሶሻል ወርከር በኩል ይጠየቃሉ። አይቼዋለሁ፤ ልጁ ከሚፈራው ሰው ጋር ዓይን ለዓይን አይገጥምም።

ሰላም፣ ወደ አገር የመመለስ ሐሳብ ካለሽ አንድ ነገር ልብ በዪ። የአሜሪካ ጄዲ ብቻውን እዚህ ፍርድ ቤት አያስቆምሽም፤ የጥብቅና ፈቃዱ በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የሚመራ የራሱ መስፈርት አለው።


ጋሽ_ከአርሊንግተን፦

ልጄ፣ እኔ አባትሽን የምሆን ሰው ነኝ። አባትሽ «ሌላው ለምንሽ ነው?» ያሉት ሶሻል ወርክን ንቀው አይመስለኝም። እኛ ባደግንበት ጊዜ ያንን ሥራ ዕድር፣ ሽማግሌና የነፍስ አባት ይሠሩት ስለነበር ትምህርት ነው ብለን አናስብም። እዚህ አገር ግን ባለቤቴ ስትታመም የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ባትኖር ኖሮ ቤት ውስጥ የሚረዳን ሰው እንደሚፈቀድልን እንኳ አናውቅም ነበር። ይህን ንገሪያቸው። አንድ ቀን እኔም እንደ እናትየዋ ብረሳ፣ ወረቀቴን የምትሞላው ጠበቃ ሰው መሆኔን ብታውቅ ደስ ይለኛል።


የሚኒሶታዋ፦

ሁሉንም አንብቤ አንድ ነገር ገረመኝ፤ ማንም ስለ ቢኤዋ አላነሳም። ሰላም፣ ቢኤሽ በሶሻል ወርክ ነው ብለሻል። ይህ ሒሳቡን በሙሉ ይቀይራል!

እዚህ አገር እውቅና ካለው ፕሮግራም በሶሻል ወርክ ቢኤ ያለው ሰው፣ አድቫንስድ ስታንዲንግ በሚባለው መንገድ ማስተርሱን 1 ዓመት ገደማ በሚሆን ጊዜ ይጨርሳል። የውጭ ዲግሪ ለያዙ ደግሞ የሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤቱ ራሱ ዲግሪያቸውን የሚገመግምበት አገልግሎት አለው። የአንቺ ቢኤ ከዚህ አገሩ ጋር እኩል ነው ከተባለና ትምህርት ቤቱ ከተቀበለው፣ ማስተርሱ 1 ዓመት፣ ሕጉ 3 ዓመት፣ ድምሩ 4። ጥምር ፕሮግራሙም 4 ነው። አንድ ላይ በመማርሽ የምታተርፊው ጊዜ የለም ማለት ነው!

ለይተሽ ከተማርሽው ግን በመካከል መተንፈሻ ታገኛለሽ። ማስተርሱን ይዘሽ ትሠሪያለሽ፤ ለክሊኒካል ላይሰንሱ ሰዓት ትቆጥሪያለሽ፤ ልጅሽም ከፍ ትላለች። የሜሪላንድ ሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በፌደራሉ ታይትል ፎር-ኢ ገንዘብ ተማሪ የሚደግፍበት ፕሮግራም አለው፤ ከምረቃ በኋላ በመንግሥት የሕፃናት ደኅንነት ቢሮ ለመሥራት ትፈርሚያለሽ። ያ ሥራ ከባድ ነው፣ ከውስጥ ስለማውቀው ነው የምልሽ። ግን ፍርድ ቤቱን ከሌላኛው ወንበር ታይዋለሽ። ከዚያ በኋላም ሕጉን ከፈለግሽው ጆርጅታውን የማታ ክፍለ ጊዜ አለው፣ የባልቲሞር ዩኒቨርሲቲም የትርፍ ሰዓት አለው።


ባልቲሞር_ነዋሪ፦

ይህን ሳላይ በማለፌ አዘንኩ፤ የሚኒሶታዋ ትክክል ናት። የኔ ቢኤ በሌላ ነገር ስለነበር ለኔ ጥምሩ 1 ዓመት ቆጥቦልኛል፤ ለሰላም ግን ላይቆጥብ ይችላል።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ያህል፣ ጥምሩ ጊዜ ባይቆጥብም ሌላ ጥቅም አለው። ጠዋት የሕግ ክፍል፣ ከሰዓት የሶሻል ወርክ ክፍል ስትገቢ ሁለቱ እርስ በርስ ይሟገታሉ፤ ሙግቱ ውስጥሽ ይቀራል። ለይቶ የሚማር ሰው ጠበቃ ሲሆን የመጀመሪያውን ቀስ በቀስ ሊረሳ ይችላል። እና ኤልሳትን (የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናውን) አሁኑኑ ጀምሪ። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ የሎጂክ ጨዋታው ክፍል ወጥቷል፤ የቀረው ንባብና የክርክር ትንተና ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋችን ለሆነ ሰዎች ፍጥነቱ ነው የሚፈትነው፤ በየቀኑ ሰዓት ይዞ በማንበብ እንጂ በመጨረሻው ወር በመሯሯጥ አይገኝም። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አመልካቾች የክፍያ ምሕረት አለ፤ ከመክፈልሽ በፊት እሱን ጠይቂ።


ሰላም_ከሲልቨር_ስፕሪንግ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የጻፉትን ለአባቴ አነበብኩላቸው፤ ዝም ብለው ሰሙና «ባለቤታቸው አሁን ደኅና ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ።

የወሰንኩት ይህ ነው። ቢኤዬን አስገመግማለሁ። መልሱ ጥሩ ከሆነ ማስተርሱን ብቻ አስቀድሜ፣ ለታይትል ፎር-ኢ አመለክታለሁ። ካልተቀበሉት ጥምሩን አመለክታለሁ፤ የብድሩንም ነገር በጽሑፍ እጠይቃለሁ። ኤልሳቱን በሁለቱም መንገድ ስለምፈልገው ማንበብ ጀምሬያለሁ። ከነገ ጀምሮ ደግሞ ቢሮ ሰው ሲገባ ከሁሉ በፊት እኔ ማን እንደሆንኩና ምን ማሳወቅ እንዳለብኝ እነግረዋለሁ፤ አለቃዬም በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ እንድናዘጋጅ ተስማምታለች።

የሚኒሶታዋ፣ ለግምገማው ከአዲስ አበባ ምን ላስመጣ?


የሚኒሶታዋ፦

ኦፊሻል ትራንስክሪፕትና የዲግሪውን ማስረጃ፤ አላላኩን ፎርሙ ላይ እንደታዘዘው አድርጊ። ከትምህርት ክፍሉ ደግሞ የኮርሶቹን ዝርዝር መግለጫና ፊልድ የወጣሽበትን ሰዓትና ቦታ የሚገልጽ ደብዳቤ አስጽፊ፤ ትራንስክሪፕት ላይ ብዙ ጊዜ ክሬዲቱ እንጂ ሰዓቱ አይገለጽም። እዚያ የሚከታተልልሽ ሰው ካለ ውክልና ላኪለት፤ ክረምት ላይ ቢሮው ቶሎ ላይመልስ ስለሚችል ከዚያ በፊት ጀምሪው።


ስድስት_ኪሎ፦

ሰው ከሌለሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ሬጅስትራሩ ከምሠራበት ቅርብ ነው፣ እኔ እከታተልልሻለሁ።